አራተኛው ወራሽ፦ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ፣ ሃይማኖትና የውርስ መብት በአንድ የደሴ ቤተሰብ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በደሴ ከተማ በቤተሰብና በውርስ ጉዳዮች የሕግ ምክር እሰጣለሁ። አብዛኞቹ ክርክሮች ይመሳሰላሉ፤ ወላጅ ያርፋል፣ ቤት ይቀራል፣ ወንድምና እህት ይካሰሳሉ። ይህኛው ለብቻው እንዲጻፍ የፈለግሁት አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ የአንድ የደሴ ቤት የውርስ ክርክር ውስጥ ስለገባ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ ቤተሰቡም ሽማግሌውም ስለ ጋብቻው ብቻ ይነጋገራል፤ የሰውየው ልጅነት፣ ከልጅነቱም የሚመነጨው መብት ይረሳል። ጽሑፉ ሽምግልና ለሚቀመጡ ሰዎች፣ ለንስሐ አባቶችና ልጆቻቸው ውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ባለጉዳዮቹ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ዝርዝር ግን ትቻለሁ።

የቤተሰቡ ታሪክ

እናት ባላቸው ካረፉ በኋላ በሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም እየነገዱ አራት ልጆች አሳደጉ። ከዚያው ንግድ ባጠራቀሙት ገንዘብ ከፊቱ ሁለት ሱቆች ያሉት ቤት ገዙ፤ የይዞታ ማረጋገጫውም በእሳቸው ስም ወጣ። ታላቁ ልጅ አንዱን ሱቅ ይዞ ይነግዳል። ሁለተኛዋ ልጅ ትዳር ይዛ ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ሦስተኛው በዲቪ ዕጣ አሜሪካ ገብቶ፣ ቆይቶም ዜግነቱን ቀይሯል። የመጨረሻዋ ልጅ እናቷን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ያስታመመች ናት።

አሜሪካ ያለው ልጅ ገንዘብ መላኩን አቋርጦ አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ቤቱ ሲጎዳ ጣሪያው የታደሰው እርሱ በላከው ገንዘብ ነው። የእናትየው የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትም የሚገዛው ከዚያው ነበር።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. በአምስት ለአራት ድምፅ በሰጠው ውሳኔ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በሁሉም ግዛቶች ሕጋዊ ሆኗል። ልጁ በዚያ አገር ሕግ መሠረት ከአንድ ወንድ ጋር በማዘጋጃ ቤት ተጋባ። ለቤተሰቡ አልነገረም። ነገሩ ደሴ የደረሰው በዘመድ ስልክ በተላከ አንድ ፎቶግራፍ ነው።

እናት በሰሙ ጊዜ አለቀሱ፣ ለንስሐ አባታቸው ነገሩ፣ ሱባኤ ገቡ። እምነታቸው የጸና ነበር፤ የልጃቸውን ጋብቻ አልተቀበሉም፣ ይቀበሉታል ብሎም የጠበቀ የለም። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ሲደውል ስልኩን ማንሣት አላቋረጡም። ታናሽ እህት እንደነገረችኝ፣ ጉልበታቸው ከደከመ በኋላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ የምትይዝላቸው እርሷ ነበረች፤ ጨዋታቸውም ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብና ስለ በርበሬ ዋጋ ነበር። ኑዛዜ ሳያደርጉ አረፉ።

ችግሩ

የእናት አርባ ከወጣ በኋላ ታላቅ ወንድም የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ለፍርድ ቤት አመለከተ። በማመልከቻው የተዘረዘሩት ልጆች ሦስት ናቸው። የቀረቡት ምስክሮችም ሟች ከሦስቱ ሌላ ልጅ የላቸውም ብለው መሰከሩ፤ ማረጋገጫውም በዚያ መሠረት ተሰጠ። ታናሽ እህት ወደ እኔ የመጣችው የራሷ ስም ያለበትን ወረቀት ይዛ ነው። «እኔ አልተበደልኩም፤ የተበደለው እዚህ የለም» ነበር ያለችው።

ታላቅ ወንድም ላደረገው ነገር አራት ምክንያት አቀረበ። እናታችን ከመሞቷ በፊት በቃሏ ክዳዋለች፤ በሃይማኖታችን የረከሰ ሰው የእናታችንን ቤት አይወርስም፤ የውጭ ዜጋ ስለሆነ በኢትዮጵያ ቤት ሊኖረው አይችልም፤ ነገ ቢሞት ቤታችን ለማናውቀው ሰው ይተላለፋል። የመጨረሻው ከልቡ የሚያስፈራው ነገር እንደነበር ድምፁ ያስታውቃል። የእናቱ የዕድሜ ልክ ላብ ከቤተሰቡ እጅ ይወጣል ብሎ ይጨነቃል። ይህን ጭንቀት በጥላቻ ብቻ ተርጉሞ ማለፍ ሰውየውን አለመረዳት ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በመጀመሪያ መልስ የሚፈልገው ጋብቻው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79፣ ጋብቻን የሚያውቀው በወንድና በሴት መካከል ነው። ከዚህም አልፎ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ስለዚህ አሜሪካ የተፈጸመው ጋብቻ ደሴ ላይ እንደ ጋብቻ ውጤት የለውም። በዚህ ላይ የተከራከረ ሰው አልነበረም፤ አሜሪካ ያለው ወንድምም አልጠየቀም።

የተጠየቀው ሌላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች መሆናቸውንና እኩል መካፈላቸውን ይደነግጋል። ወራሽን ያልተገባ የሚያሰኙትንም ምክንያቶች ሕጉ ራሱ ዘርዝሯል፤ ሟችን ወይም የቅርብ ቤተሰቡን አስቦ መግደል ወይም ለመግደል መሞከር፣ ኑዛዜን ማጥፋት ወይም መደለዝ የመሳሰሉት ናቸው። የልጅ ጋብቻ፣ ሃይማኖት ወይም አኗኗር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ወላጅ ልጁን ከውርስ መንቀል ይችላል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን በኑዛዜ፣ በግልጽ፣ ምክንያቱንም ገልጾ ነው። «በቃሏ ክዳዋለች» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ወደቀ። የቃል ኑዛዜ ሞት የተቃረበበት ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ሲሆን፣ የሚያገለግለውም ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ሕፃናት ልጆች አሳዳሪና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ልጅን በቃል መንቀል አይቻልም።

የውጭ ዜግነቱም መልስ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው በሕግ በልዩ ሁኔታ ካልተፈቀደለት በቀር በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክላል፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ግን ይህ ክልከላ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በያዙ ሰዎች ላይ እንዳይፈጸም አድርጓል። ልጁ መታወቂያውን ይዟል።

ወንድሙን ያስጨነቀው የነገው ነገርም በሕጉ መሠረት እርሱ እንዳሰበው አይደለም። በኢትዮጵያ ሕግ ባልና ሚስት እንኳ ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ በውርስ የተገኘ ንብረትም የግል እንጂ የጋራ ሀብት አይደለም። ልጅ የሌለው ሰው ወላጆቹም ካለፉ የሚወርሱት ወንድሞቹና እህቶቹ ናቸው። ወንድሙ ለማያውቀው ሰው ይሄዳል ብሎ የፈራው ድርሻ ኑዛዜ ከሌለ ተመልሶ ወደ ራሱና ወደ እህቶቹ ይመጣል። ይህን በወረቀት ላይ በሥዕል እያሳየሁ ሳስረዳው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በክርክሩ ውስጥ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

የመጀመሪያው ሥራ ውክልና ነበር። ልጁ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ቀርቦ ለታናሽ እህቱ ውክልና ሰጠ፤ ሰነዱ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ተመዘገበ። ቀጥሎ ልጅነቱን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ተሰበሰቡ፤ የክርስትና ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ቤት መዝገቡ፣ የቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ። ከዚያም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 358 መሠረት ማረጋገጫውን በሰጠው ፍርድ ቤት መቃወሚያ ቀረበ።

በመቃወሚያው ውስጥ ስለ ጋብቻው አንድም ቃል አልተጻፈም። ፍርድ ቤቱ እንዲመልስ የተጠየቀው «ይህ ሰው የሟች ልጅ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ብቻ ነው። የግል ሕይወቱ ለዚህ ጥያቄ ምንም የሚጨምረው ነገር የለም። መዝገብ አንዴ ከተከፈተ የሚያነበው ብዙ ነው፤ በዚህች ከተማ ደግሞ አንዱ የሌላው ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው።

ያልሠራው ሽምግልና

ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጥቶ ሳለ ቤተሰቡ በሽምግልና እንጨርሰው አለ። የመጀመሪያው ስብሰባ በእናትየው ቤት ተደረገ። የእናት ወንድም፣ የዕድር ሰዎች፣ ጎረቤቶች፣ ሦስቱ ልጆች ተቀመጡ፤ አሜሪካ ያለውም በስልክ ድምፅ ማጉያ እንዲገባ ተደረገ። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ አጎትየው ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፉን ለሽማግሌዎቹ አሳየ። አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዱ ተነሥቶ ወጣ። በስልኩ መስመር ላይ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ይሰማል። «ይቅርብኝ፣ ውሰዱት» ብሎ ዘጋው።

ለስብሰባው መፍረስ ምክንያቱ የሽማግሌዎቹ ክፋት አልነበረም፤ ለውርስ ተጠርተው ስለ ጋብቻ እንዲፈርዱ ተገደዱ። በጋብቻው ላይ ደግሞ ሃይማኖታቸው የሚላቸው ግልጽ ነው፤ ሌላ ነገር እንዲናገሩ መጠበቅ አይቻልም። አጎትየው ቆይቶ ነገሩን አባሰው፤ መቃወሚያው ካልተነሣ ፎቶግራፉን ለዕድሩ ሁሉ እልካለሁ አለ። ሰውን በግል ሕይወቱ አስፈራርቶ ንብረቱን ማስለቀቅ በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑን በእርጋታ፣ ሌላ ሰው በሌለበት አስረዳሁት። አልመለሰልኝም፤ ፎቶግራፉም አልተላከም።

አባ፣ ሐጂና ደብተሩ

ከዚያ በኋላ መንገዱን ቀየርን። ሁሉን በአንድ ላይ መሰብሰብ ቀረ። ታላቅ ወንድም የሚያከብራቸውን ሁለት ሰዎች እንዲመርጥ ጠየቅነው፤ የእናቱን የንስሐ አባትና የጎረቤት ሐጂን መረጠ። ሐጂ ከእናትየው ጋር በአንድ አጥር ለብዙ ዘመን የኖሩ ናቸው፤ ለበዓል ሁለቱም ቤቶች የየራሳቸውን ሥጋ አርደው ቡናውን አብረው የሚጠጡ ነበሩ። ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም።

አባ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ያልጠበቅሁትን ነው፤ የአሜሪካው ሕግ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ጋብቻ እንድትባርክ ያስገድዳል ወይ አሉ። እንደማያስገድድ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ራሱ የሃይማኖት ተቋማት እምነታቸውን ማስተማር እንደሚቀጥሉ መግለጹን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ታላቅ ወንድምን ጠርተው ተናገሩት። ንግግራቸው እንዲህ ነበር፦ «ልጄ፣ ተክሊል የወንድና የሴት ነው፤ ይህን ማንም አይለውጥብህም። የወንድምህ ንስሐ የወንድምህና የእግዚአብሔር ነው። በሉቃስ ወንጌል አንድ ሰው መጥቶ ወንድሜ ርስቱን እንዲያካፍለኝ ንገረው ቢለው ጌታ አካፋይ አልሆነም፤ ከመጎምጀት ተጠበቁ ነው ያለው። እኔም አካፋይ አልሆንም። አንተ ግን የወንድምህን ድርሻ በቤተ ክርስቲያን ስም አትውሰድ።»

ሐጂም የራሳቸው እምነት ስለ ጋብቻው የሚለው ከአባ እንደማይለይ ተናገሩ። ቀጥለው አደራ ለባለቤቱ እንዲመለስ ቁርዓን ማዘዙን፣ እናትየው የተዉት ቤት በታላቅ ወንድም እጅ ያለ አደራ መሆኑን አስረዱ። የቦሩ ሜዳንም ነገር አነሡ። በ1870 ዓ.ም. ከዚህች ከተማ አጠገብ በተደረገው ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ወይ ክርስትናን እንዲቀበሉ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ተገደዋል። «ሃይማኖትን ለመንጠቂያ ማዋል ምን እንደሚያመጣ አያቶቻችን አይተውታል፤ እኔና እናትህ ግን በአንድ አጥር የኖርነው አንዳችን የሌላችንን እምነት ለሀብት ስላላዋልነው ነው» አሉት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን በአንቀጽ 11 ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው የእምነት ነፃነት ያስከብራል። ሁለቱ አረጋውያን አንቀጾቹን ባይጠቅሱም ያደረጉት ያንኑ ነው፤ ለእምነታቸው የሚገባውን ለእምነታቸው፣ ለፍርድ ቤት የሚገባውን ለፍርድ ቤት ተዉ።

ደብተሩን ያመጣችው ታናሽ እህት ናት። ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነው፤ ከቅመሙ ዕቃ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ስለኖረ ዳርና ዳሩ በበርበሬ ቀልቷል። እናትየው ማንበብ ስለማይችሉ ከአሜሪካ የሚመጣውን ገንዘብና የዋለበትን ነገር የምትጽፍላቸው እርሷ ነበረች። መድኃኒት፣ ቆርቆሮና ምስማር፣ የኮምቦልቻዋ እህት የወለደች ጊዜ የተላከ ጠቦት፣ የዕድር መዋጮ ይላል። መሐል ላይ ደግሞ የታላቅ ወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ በተከታታይ ተጽፏል። ታላቅ ወንድም ገንዘቡ ከእናቱ ኪስ የወጣ ይመስለው ነበር። ገጹን አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ደብተሩን ለእህቱ መለሰላት። በዚያ ቀን ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ስምምነቱ

ከዚህ በኋላ ከሽማግሌዎቹ መሐል በቅን ልብ የቀረበ አንድ ሐሳብ ነበር፤ አሜሪካ ያለው ወንድም ለሰላም ሲል ድርሻውን ይተው፣ እነርሱም ነገሩን ከእንግዲህ አያነሡም። ባለመብቱ ራሱ ሊስማማ ተቃርቦ ነበር። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። ሰው ንብረቱን ለወንድሙ መስጠት ይችላል፤ መስጠት የሚችለው ግን መጀመሪያ የእርሱ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ልጅነቱ ሳይጻፍ ድርሻውን «ቢተው» የሚቀረው ሰነድ እናትየው ሦስት ልጆች ብቻ ነበሯቸው የሚል ይሆናል። ደግሞም ውርደትን በመፍራት የተሰጠ ፈቃድ ነፃ ፈቃድ አይደለም።

በመጨረሻ ታላቅ ወንድም መቃወሚያውን እንደማይከራከር ገለጸ። የቀድሞው ማረጋገጫ ተሰርዞ አራቱም ልጆች በእኩል ድርሻ ወራሾች መሆናቸው ተረጋገጠ። ስለ ክፍፍሉ የተደረገው ዕርቅም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 274 መሠረት በፍርድ ቤት ተመዝግቦ ጸደቀ። ታላቅ ወንድም የሚነግድበትን ሱቅ፣ የኮምቦልቻዋ እህት ሁለተኛውን ያዙ፤ የዋጋው ልዩነት በመሐንዲስ ግምት ተሰልቶ ቀስ በቀስ እንዲከፈል ተስማሙ። ዋናው ቤት የሁለቱ ታናናሾች ሆነ። አሜሪካ ያለው ወንድም ታናሽ እህቱ ያለ ኪራይ እንድትኖርበት ፈቀደ፤ ባለቤትነቱን ግን አልተወም።

ያልተፈታው

አጎትየው እስካሁን ታናሽ እህትን ሰላም አይላትም። ታላቅ ወንድም ሰነዱን ፈረመ እንጂ ለወንድሙ አልደወለም። ለእናቱ ሙት ዓመት ከአሜሪካ የተላከውን ገንዘብ ለተዝካሩ አልቀበልም ብሏል፤ የአባ ምክር እዚህ ድረስ አልወሰደውም። ይህ የእምነቱና የኅሊናው ጉዳይ ስለሆነ ማንም ሊያስገድደው አልሞከረም።

ልጁ የእናቱን መቃብር ማየት ይፈልጋል። በውጭ አገር የተፈጸመ ድርጊት በዚያ አገር ሕግ ወንጀል ካልሆነ እዚህ በመደበኛው መንገድ እንደማያስከስስ ነግሬዋለሁ። ከሕጉ ውጭ ያለውን፣ ከመንገድና ከሰፈር ሊመጣ የሚችለውን ግን ዋስትና ልሰጠው አልቻልኩም። አልመጣም።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚሆነው

ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ ለምን እንደተጠራ ይወስን። በዚህ ጉዳይ ጋብቻውና ውርሱ በአንድ ጉባኤ ሲነሡ ሁለቱም ተበላሹ፤ ሲለያዩ ግን አባና ሐጂ ከእምነታቸው አንዲት ቃል ሳይቀንሱ ለፍትሕ ቆሙ። የሃይማኖት አባትን «ይህን ጋብቻ ተቀበል» ብሎ መጠየቅ በሩን ይዘጋዋል። «ይህ የሟች ልጅ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን ቀጥተኛ መልስ ያገኛል። ተመሳሳይ ነገር ሃይማኖቱን የቀየረ ልጅ ባለበት ቤትም ይሠራል፤ በእኛ አካባቢ ከዚህኛው ይልቅ ያ በብዛት ያጋጥማል።

የሚፈራውን ነገር ጠይቆ መስማት ከመከራከር ይቀድማል። ታላቅ ወንድም ስለ ርኩሰት ሲናገር ውስጡ ያለው የቤቱ ዕጣ ፈንታ ነበር፤ መልሱ ደግሞ በሕጉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ውጭ አገር ያሉ ልጆች ከማረጋገጫ ሲቀሩ ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ዘግይተው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ ሦስት ዓመት ካለፈ ክሱ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። ስለዚህ ውክልናውን ኀዘኑ እስኪበርድ ማቆየት አይገባም። የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የቀበሌ ቅጽ ወላጅ በሕይወት ሳለ ቅጂያቸው ቢያዝ ደግሞ ምስክር ፍለጋ መዞር አያስፈልግም።